ነገሌ ቦረናን ማን ያሳያል? የደቡብ ቆላ የቴሌቪዥን ታሪክ

በጥር 1928 ዓ.ም. የጄኔራል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ጦር በገናሌ ዶሪያ ግንባር የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት በአውሮፕላንና በታንክ አሸንፎ ነገሌን ያዘ። የነገሌ ስም ባሕር ተሻግሮ በሰፊው የተነገረው ያን ጊዜ ነው። የሮም ጋዜጦችና የፋሺስቱ መንግሥት ፕሮፓጋንዳ ድሉን አገነኑት፤ ግራዚያኒም በኋላ «የነገሌ ማርኬዝ» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። የጣሊያን አንባቢ ስለ ነገሌ ያወቀው ወራሪው የነገረውን ብቻ ነበር። የቦረናና የጉጂ አርብቶ አደር ያን ዘመን እንዴት እንዳየው የቀረጸለት ካሜራ አልነበረም። ይህን ማንሣቴ የጦርነቱን ታሪክ ለመድገም አይደለም። ከዚያ ወዲህ ባሉት 90 ዓመታት በዚህ ምድር የሬዲዮና የቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ነገር ስላለ ነው። የደቡብ ቆላው ከተሞች፣ ነገሌም፣ ያቤሎም፣ ሞያሌም፣ ፊልቱም፣ ከሌላ ቦታ የተሠራውን ምስል መቀበል ከጀመሩ ቆይተዋል። የራሳቸውን ምስል ራሳቸው መርጠው ለአገር የሚያደርሱበት መንገድ ግን በየዘመኑ ወደ ኋላ ቀርቷል። ስለዚህ የአንድ ክልል የቴሌቪዥን መረብ አደገ የምንለው ስርጭቱ የት ደረሰ ብለን ብቻ ከሆነ ግማሹን ታሪክ ትተነዋል እላለሁ። ሌላው ግማሽ ምስሉ ከየት ተነሣ፣ የሚታየውንስ ማን መረጠ የሚለው ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 34ኛ ዓመት ሲከበር፣ ቶምሰን በተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ እርዳታ ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ስርጭት ጀመረ። ተመልካቹ የዋና ከተማው ነዋሪ፣ ከዚያም ውስጥ መሣሪያውን ለመግዛት አቅም ያለው ነበር። የቴሌቪዥን ሞገድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራ ሲገጥመው ይቆማል። አዲስ አበባ አጠገብ ካለው ከፉሪ ተራራ የተለቀቀው ምስል ወደ ደቡብ እንዲወርድ ከተራራ ተራራ እየተቀባበለ የሚያሳልፈው ጣቢያ ያስፈልገው ነበር። እያንዳንዱ ጣቢያ ደግሞ መንገድ፣ ጄኔሬተር፣ ነዳጅ፣ ጥበቃና ቴክኒሻን ይፈልጋል። ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር፣ ሞያሌ ደግሞ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ወጪው የት ቦታ ይቅደም ሲባል ብዙ ሕዝብ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ደጋ መቅደሙ አያስገርምም።

የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ግን ተራራ አያግደውም። በመሆኑም ቆላው ገና ምስል ሳያይ የድምፅ ፉክክር መካከል ገባ። ሬዲዮ ሞቃዲሾ በሶማልኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞም ያሰራጭ ነበር፤ የኬንያ ሬዲዮም ከናይሮቢ በቦረንኛ ፕሮግራም ነበረው። የአዲስ አበባው ሬዲዮ ለአፋን ኦሮሞ ቦታ ለመስጠት በዘገየባቸው ዓመታት ቦረናውና ጉጂው በሚሰማው ቋንቋ የሚያናግሩት ጎረቤት አገሮች ነበሩ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የባሌ አመፅ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ሲቀጥል፣ የሞቃዲሾ ድምፅ ከመሬትና ከግብር በደል ጋር ተደርቦ ሰሚ አግኝቷል። መንግሥት ይህን የውጭ ፕሮፓጋንዳ ብቻ አድርጎ አየው። ፕሮፓጋንዳ መሆኑ እውነት ነው። ዳሩ ግን የውጭው ድምፅ ሰሚ ያገኘው የአገር ቤቱ ጣቢያ ባዶ የተወውን ቦታ ስላገኘ ነው።

ከዚያ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. መጣ። በነገሌ የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮች የሚበሉት የተበላሸ ነበር፤ የውኃ ፓምፓቸው ተሰብሮ ሳለ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። አመፁ። ነገሩን እንዲያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ያዟቸው፤ እነሱ የሚበሉትን አብልተው፣ የሚጠጡትን ውኃ አጠጧቸው። የኢትዮጵያ አብዮት ትረካ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለእኛ ርዕስ ግን ክብደት ያለው ሌላ ነው። ወሬው ወደ ሌሎቹ የጦር ክፍሎች የደረሰው በሠራዊቱ የመገናኛ ሬዲዮ በኩል ነበር፤ ሕዝብ ይሰማበትና ያይበት ዘንድ የተቋቋመው ጣቢያ ዝም ብሏል። በቀጣዩ ወር፣ በየካቲት፣ አሥመራ ያለው የሁለተኛ ክፍለ ጦር ሲያምፅ ቀድሞ ከያዛቸው ቦታዎች አንዱ የሬዲዮ ጣቢያው ነበር። ወታደሮቹ ከነገሌ ትምህርት የወሰዱ ይመስለኛል፤ ጣቢያ ያልያዘ አመፅ በውስጥ መስመር ብቻ እንደሚሰማ ተረድተዋል። ከአንዲት የቆላ ከተማ የውኃ ጉድጓድ የተነሣ ጥያቄ ዙፋን አናግቶ ሳለ፣ ከዚያ ጉድጓድ አጠገብ የተነሣ አንድ የቴሌቪዥን ምስል ለአገር አልታየም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በ1967 ዓ.ም. መባቻ ምሽት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ አሳየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አንድ ምስል ምን ያህል ጉልበት እንዳለው አገሩ ሁሉ የተማረው በዚያች ሌሊት ነው። ግን ካሜራ ያልሄደበት ረሃብስ? ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1976 እና በ1977 ዓ.ም.፣ የቦረና ቆላ ከባድ ድርቅ ገጠመው፤ ከብቱ በብዛት አለቀ። ዓለም ግን ያየው ኮረምን ነው፤ መሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ማይክል በርክ የተረከው የቢቢሲ ዘገባ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ዓለምን አነቃነቀ። ኮረም መታየቱ የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል፤ ይህን የሚያሳንስ ሰው የለም። ነገር ግን የቦረና ድርቅ በዚያ ዘመን የጥናት ወረቀቶች ጉዳይ ሆኖ ቀረ። በእነዚያው ዓመታት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓልና ከኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ጋር ተያይዞ ወደ ባለ ቀለም ስርጭት ተሸጋገረ። ቀለሙ ለአደባባዩ ሰልፍ ተዘጋጀ፤ የደቡብ ቆላው ግጦሽ ግን ጥቁርና ነጭ ሆኖ እንኳ አልታየም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ቆላው ሰፊ ነው፤ ሕዝቡ የተበታተነ፣ ከከብቱ ጋር የሚንቀሳቀስ ነው፤ ድሃ አገር ለጥቂት ተመልካች ማማ መትከል አይገባውም ነበር ይባላል። በማማው ዘመን ይህ ክርክር ክብደት ነበረው። በቂ ግን አይደለም። የምስል ወጪ የሚወጣው ለማሰራጨት ብቻ አይደለም፤ ለመቅረጽም ነው። አንድ ካሜራና አንድ ዘጋቢ ወደ ነገሌ ለመላክ ከፉሪ እስከ ገናሌ ማማ መደርደር አያስፈልግም ነበር። የቆላው ሰው ማየት ባይችል እንኳ መታየት ይችል ነበር። ሁለቱ ተደባልቀው ስለታሰቡ፣ ስርጭት ያልደረሰበት ቦታ ዜናም የማይነሣበት ቦታ ሆኖ ቀረ።

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀና ክልሎች ከተዋቀሩ በኋላ የቴሌቪዥን ነገር መልኩን ቀየረ። ለብዙ የቆላ ከተሞች ወጣቶች ግን ሳተላይት በመጀመሪያ የመጣው በቤታቸው ሳይሆን በክፍላቸው ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሰራጭ ትምህርት ያገኙ ጀመር፤ ተማሪው ሁሉ «ፕላዝማ» ብሎ የጠራው። ትምህርቱ ብዙው በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ፣ በእንግሊዝኛ የሚነገር ነበር። በአንድ ቆላማ ከተማ የተቀመጠ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ስክሪን ውስጥ የሚያስተምረው ሰው ጥያቄውን አይሰማውም፤ ደብተሩ ላይ ሳይጽፍ ገጹ ያልፈዋል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አይደገምለትም። መምህሩ ማብራሪያ የሚሰጥበት ደቂቃ የተቆጠረ ነበር። የፕላዝማ ደጋፊዎች ጥሩ መምህር ወደማይደርስበት ቦታ ጥሩ ትምህርት አድርሷል ይላሉ፤ በሂሳብና በሳይንስ ይህ በከፊል ትክክል ነው። ግን ስርጭቱ የትም ሊደርስ እንደሚችል፣ ተቀባዩ ደግሞ አንድም ቃል ወደ ኋላ መመለስ እንደማይችል ከፕላዝማ በላይ በግልጽ ያሳየ ነገር በዚህ አገር አላውቅም።

የክልል ጣቢያዎች ተከተሉ። የኦሮሚያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት በ1998 ዓ.ም. በጨፌ ኦሮሚያ አዋጅ ተቋቁሞ መቀመጫውን አዳማ አደረገ፤ ስርጭቱ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጀመረ፤ ቆየት ብሎም የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ፣ ኦቢኤን፣ ተባለ። የሶማሌ ክልል ቴሌቪዥን ጅግጅጋ ተቀመጠ፤ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ከተደረገው የአመራር ለውጥ በኋላ ስሙ ተቀየረ። የደቡብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሐዋሳ ነበር፤ የኤፍኤም ቅርንጫፎቹ ጂንካና አርባ ምንጭ ድረስ ወረዱ። እንግዲህ ካርታውን ዘርግቶ ማየት ነው። ቦረናና ጉጂ፣ ሊበንና ዳዋ፣ ኮንሶና ቡርጂ አንድ የግጦሽና የገበያ ቀጠና ናቸው። አንዱ ዝናብ ሲያጣ ከብቱን ወደ ሌላው ይነዳል፤ የገሪ ጎሣ ሰው ሶማልኛም ኦሮምኛም ይናገራል፤ የነገሌ በሬ በሞያሌ በኩል ኬንያ ይሻገራል። የቴሌቪዥን መረቡ ግን ይህን አንድ ቀጠና ለሦስት ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ክፋይ ከራሱ ክልል መዲና ጋር አገናኘው። ሞያሌ ከተማ ራሷ ለኦሮሚያና ለሶማሌ አስተዳደሮች የተከፈለች ናት። በአንዱ ሰፈር አዳማ ይታያል፤ በሌላው፣ በዋናው አስፋልት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው ጅግጅጋ ይታያል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በተጋጨ ቀን ሁለቱ ጣቢያዎች የሚናገሩት በየፊናቸው ከሆነ፣ በከተማዋ መካከል ቆሞ ሁለቱንም ወገን ጠይቆ ለሁለቱም የሚዘግብ ጣቢያ ማን ነው? ይህ የጋዜጠኞቹ ጥፋት አይደለም፤ መረቡ የተዘረጋው የአስተዳደር ድንበር ተከትሎ ስለሆነ የሆነ ነው።

የቋንቋው ጥያቄስ ተመልሷል፤ ኦቢኤን በአፋን ኦሮሞ፣ የጅግጅጋው በሶማልኛ ያስተላልፋል፤ ቦረናው የራሱን ቋንቋ ካየ ሌላ ምን ይፈልጋል የሚል ሰው ይኖራል። የቋንቋው ድል ትልቅ መሆኑን መካድ ነውር ነው። አያቱ በገዛ ቋንቋው ዜና ለመስማት ሞቃዲሾንና ናይሮቢን ይፈልግ የነበረ ሰው ዛሬ ከአገሩ ይሰማል። ኦቢኤን ከዚያም አልፎ በሌሎች የአፍሪካ ቀንድ ቋንቋዎች ያሰራጫል። ነገር ግን ቋንቋ አንድ ሆኖ ኑሮ ሊለያይ ይችላል። በአዳማና በጅማ አካባቢ ያለ ገበሬ ስለ ማዳበሪያ ሲሰማ የሚጠቅመውን ይሰማል። የሊበን አርብቶ አደር ማወቅ የሚፈልገው ዱብሉቅ ያለው የጉድጓድ ውኃ ምን ያህል እንደቀረ፣ የትኛው ግጦሽ ሣር እንዳበቀለ፣ በነገሌ ገበያ የወይፈን ዋጋ የት እንደደረሰ ነው። ይህ ወሬ ጥንትም የራሱ መንገድ አለው። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው መቅጃውን እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውኃ ያወጣሉ፤ ከላይ ገንዳው ዳር ከብቱ ተራውን ሲጠብቅ ከሩቅ የመጣው ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰላሙ ይጠየቃል። ሰላምታው ራሱ ዜና ነው፤ የሰው ደኅንነት፣ የከብት ደኅንነት፣ የአገር ደኅንነት በተራ ይጠየቅበታል። ከዚህ የሚያንስ መረጃ የሚሰጥ ጣቢያ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለተናገረ ብቻ የአካባቢው ጣቢያ አይሆንም።

ዲሽ ሲረክስ ነገሩ እንደገና ተገለበጠ። ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ የተተከለችው ሳሕን ከመንግሥት ጣቢያ ሌላ የዓረብ ፊልም፣ የአውሮፓ ኳስ፣ ከውጭ አገር የሚሰራጩ የኢትዮጵያውያን ጣቢያዎችን አመጣች። የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ፣ ኦኤምኤን፣ በየካቲት 2006 ዓ.ም. ከአሜሪካ ሚኔሶታ ሲጀምር፣ የሞቃዲሾ ሬዲዮ ያን ዘመን ያገኘው ዓይነት ክፍተት ጠብቆታል፤ በአገር ቤቱ ስክሪን የማይነሣ ጥያቄ። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መመሪያ ኦኤምኤንንና ሌላውን ከውጭ የሚሰራጭ ጣቢያ ኢሳትን ማየት ተከለከለ፤ በኦሮሚያ ከተሞች የጸጥታ ኃይሎች ዲሽ ያወርዱ እንደነበር ተዘግቧል። ጣቢያዎቹ በ2010 ዓ.ም. ወደ አገር ተመለሱ፤ ኦኤምኤን ደግሞ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር ውስጥ እንደገና ተዘጋ። ጣቢያዎቹ የሚሉት ሁሉ ትክክል ነበር አልልም፤ ያቀጣጠሉትም ነገር ነበር። ግን የቆላው ተመልካች በሁለቱም አቅጣጫ ተመልካች ብቻ እንደነበረ ልብ ይሏል። በ2012 ዓ.ም. ገደማ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ይህ በዓይን ታየ። ናይልሳት ከኢትዮጵያ ወደ ምዕራብ ነው፤ አዲሱ ሳተላይት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው። በነገሌ ያለ ዲሽ ሠሪ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ተጋድሞ የኖረውን ዲሽ ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ ሰማይ ሰማይ እስኪያይ ቀና ማድረግ ነበረበት፤ ታች ያለው ልጅ ሪሲቨሩ ላይ ሲግናሉ ሲሞላ ይጮህለታል። ከሰማይ የሚመጣው በዛ፤ ከዚያ ጣሪያ ወደ ሰማይ የሚወጣ ግን አልተጨመረም።

የማማው ዘመን የወጪ ክርክር ከሳተላይት ወዲህ አይሠራም። አንዴ ሳተላይት ላይ የወጣ ጣቢያ ለአዳማም ለነገሌም፣ ለሞያሌም ወጪው አንድ ነው። መብራትም ቢሆን ቆላው የሚቀበል ብቻ አይደለም፤ በገናሌ ወንዝ ላይ የተሠራውና በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ 254 ሜጋ ዋት ያመነጫል። የቀረው ወጪ የሰው ነው፤ ነገሌ የሚኖር አዘጋጅ፣ ያቤሎ የሚኖር ካሜራ ያዥ፣ ቦረንኛውንና ሶማልኛውን የሚያውቅ ዘጋቢ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በየቀኑ የተመደበ የአየር ሰዓት።

የዚህን አስፈላጊነት የ2013–2015 ዓ.ም. ድርቅ አሳይቷል። ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ከዳ። ዱብሉቅና ያቤሎ ዙሪያ ከብታቸው ያለቀባቸው ቤተሰቦች በላስቲክ ጎጆ ሰፈሩ። ለአገር ትኩረት የሆነው ግን ዘግይቶ፣ በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ፣ የአካባቢው ወጣቶች በስልክ የቀረጹት የከብት ሬሳ ክምር ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ ስልክ ካለ ጣቢያ ለምን ያስፈልጋል ይባላል። ስልክ ያሳያል፤ ግን አይጠይቅም፣ አይከታተልም፣ አያስቀምጥም። የመጀመሪያው ወቅት ዝናብ ሲቀር፣ ከዚያም ሁለተኛው ሲቀር በየሳምንቱ መዘገብ፣ ባለሥልጣኑን የጉዳቱን ቁጥር መጠየቅ፣ የእርዳታ እህል የት እንደደረሰ መከተል የጣቢያ ሥራ ነው። ስልኩ የመጣው ከብቱ ከሞተ በኋላ ነበር። በዚያው ስልክ ሐሰተኛ ወሬም ይመጣል፤ ሰው ለሰው ባልተማመነበት ድንበር ላይ አንድ ያልተጣራ ቪዲዮ ነፍስ ያጠፋል።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የክልል ጣቢያ የመንግሥት አፍ ነው፤ ነገሌ ላይ ቅርንጫፍ መክፈት አፉን ማብዛት ነው ይላል። ለዚህ ማስረጃ አይጠፋም። የምሥራቅ ቦረና ዞን ተዋቅሮ ነገሌ መቀመጫው በሆነችበት በ2015 ዓ.ም. ጉጂ ውስጥ ተቃውሞ ተነሣ፤ ደጋፊውም ተቃዋሚውም የገዛ ከተማውን ጉዳይ በእኩል ሚዛን የሚሰማበት መድረክ ይገባው ነበር። መልሱ ቅርንጫፉን መተው ሳይሆን ባለቤቱን ማብዛት ይመስለኛል። የብሮድካስት አዋጁ 533/1999 የማኅበረሰብ ጣቢያን ለይቶ ፈቅዷል፤ የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ 1238/2013 አጽንቶታል። በጂንካ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ተሠርቷል፤ ሕዝብ የሚያስተዳድረው ጣቢያ በቆላው አፋፍ ላይ ሊቆም እንደሚችል የሚያሳይ ነው። ቴሌቪዥን ከሬዲዮ ይከብዳል፤ ግን የክልሉ መረብ ለእንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ሥራ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ቢከፍት፣ አዳማ ያለው አርታኢ የነገሌን ጉዳይ ከነገሌ ሰው ይቀበላል።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. አሬሮ በሚገኘው በአርዳ ጂላ በዳሳ የቦረና ገዳ ሥልጣን ከ71ኛው አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ ወደ 72ኛው አባ ገዳ ጉዮ ቦሩ ተላለፈ። ከኬንያም ወገኖቻቸው መጡ። ካሜራው ብዙ ነበር፤ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከውጭም የመጣ። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የመዘገበውን ሥርዓት ዓለም በቀጥታ አየ፤ ቦረናም ራሱን በስክሪን አየ። እንግዶቹ ሲመለሱ ካሜራዎቹም አብረው ተመለሱ። የተቀረጸው ሁሉ፣ የሽማግሌዎቹ ንግግርና ምርቃት ጭምር፣ ቅጂው በአካባቢው እንዲቀመጥ፣ ነገሌና ያቤሎ ላይ ተማሪ ገብቶ የሚያየው ማኅደር እንዲኖር ጣቢያዎቹን መጠየቅ አሁን ይቻላል። የሚቀጥለው የሥልጣን ርክክብ፣ ባሊ፣ በ2025 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ያሉት ዓመታት አንድ የነገሌ ልጅ ካሜራ ይዞ፣ ሙያ ተምሮ፣ በገዛ አገሩ ሥርዓት ላይ ዋና አዘጋጅ ሆኖ እንዲቆም በቂ ናቸው፤ ሥልጠናው በዚህ ዓመት ይጀመር።